ፍሬን ያዡ

ከዚራ፣ የማታ ክፍል፤ ወበቁ ከጣራ ወርዶ ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣
ቲቸር ጽጌማርያም ሦስት ቃል በጠመኔ ስትጽፍ፦
«ስቶፕ» መቆም ነው፣ አለች፤ በቃ፣ ያለቀለት።
«ፖዝ» ግን ቆም ማለት፣ በኋላ ሊቀጥሉት።
«ኢንተራፕት» የሰው ነገር መሐል ገብቶ መቁረጥ።

አው ኢድሪስ እጃቸውን አወጡ፤
ሠላሳ ዓመት የባቡር ፍሬን ያጎበጠው እጅ።
«ለገሃር ስንገባ ሼፉ ‹አሬ!› አለኝ፤ ያዝኩ፤ ቆመ።
‹ሰኞ ይነሳል› ሲሉኝ
የምሳ ሳህኔን ፉርጎው ውስጥ ትቼ ወረድኩ።
ስንቱ ሰኞ አለፈ!
በሐዲዱ መሐል ግራር በቀለ፣
ፍየል በላው፣ ደግሞ በቀለ።
ታዲያ ይሄ፣ ልጄ፣
ስቶፕ ነው ፖዝ?»

ጠመኔዋ አየር ላይ ቀረ።
ልትመልስ አፏን ስትከፍት
መብራት ድርግም።
«ኢንተራፕት!» አለ አንዱ ከጨለማው፤
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

መብራት ሲመለስ
የአው ኢድሪስ እጅ እንደወጣ ነበር።