ዘጠነኛዋ ደቂቃ

ቫድሶ ከተማ፣ ኅዳር ሲገባደድ፣
«ፀሐይ ወጣች» ቢሉህ፣ መስኮት ጋ አትሂድ።
ወጣች ማለት ሄደች፤ ቤቷን ጥላ ወጣች፤
እስከ ጥር አጋማሽ ከባሕር ስር ተኛች።

እኔ የሒሳብ መምህር፣ ሃያ ሁለት ዓመት
በጠመኔ አቧራ ሳል የለመደኝ ሴት፣
ካሜራ ፊት ቆሜ፣ ለማላየው ተማሪ
እንደ ራዲዮ ጣቢያ ሆንኩኝ ተናጋሪ።
ጀልባ የቀረበት፣ በረዶ የዘጋው፣
የፋብሪካ ፈረቃ እንቅልፉን የወጋው፣
ሁሉም ካለበቱ ስሙን ብቻ ልኮ፤
ጥቁር አራት ማዕዘን! ፊት አልነበረም እኮ!
መጀመሪያ ሰሞን አማሁት ይህን ነገር፦
«ዓይን ሳያዩ ማስተማር፣ ለግንብ መናገር።»

አንድ ማታ ታዲያ መዝገቡን ስከፍት፣
ማን ምን ያህል እንዳየ የሚቆጥርበት፣
ቶርዲስ፦ ቀን ቀን ዓሣ ስትዘለዝል ውላ፣
ነርስ መሆን ያማራት፣ ልጆች አድርሳ ኋላ።
ያንድ ቀን ትምህርቴን፣ ክፍልፋይ ማካፈል፣
ሠላሳ አንዴ አይታዋለች፣ ሌሊቱ ሲሆን እኩል።
ሁልጊዜም ታቆመዋለች አንድ ቦታ፦
ዘጠነኛዋ ደቂቃ።
ወደ ኋላ። ደግሞ እንደገና። በዝምታ።

ምን አለ እዚያ? ብዬ ራሴን ከፈትኩ፤
የገዛ ድምፄን ነው፣ ጥርስ ነክሼ ታገሥኩ።
ያቺ ሴትዮ፣ እኔ፣ ቁጥር ትገለብጣለች፤
«ይሄማ ግልጽ ነው» ትልና ታጠፋለች።
ለምን እንደተገለበጠ፣ ከየት እንደመጣ፣
አንዲት ቃል እንኳ ከአፏ አልወጣ።

ሃያ ሁለት ዓመት «ግልጽ ነው» እያልኩኝ፣
ስንቱን እዚያች ድንጋይ ላይ ጥዬ አለፍኩኝ?
ክፍል ውስጥ ቢሆን ደወሉ ይደወላል፤
ያልገባውም ሰው «ገብቶኛል» ይላል፤
እሷም እጅ አታወጣ፣ (ኋላ ነው የነገረችኝ)
ዓሣ ዓሣ ይላል።
ስክሪን ግን አይታክት፣ አይገላምጥ፣ አይስቅ፤
ሠላሳ አንዴ «ድገም» ቢሉት፣ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅ።

በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓሣ አጋደምኩ፤
ካሜራውን ከፍቼ ለሁለት ለሁለት ከፈልኩ።
ስንት ግማሽ አለ? ቆጠርኩ፤ ስድስት ሆነ፤
ሦስት ለግማሽ ሲካፈል ስድስት ተበየነ።
እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ቢላው ዶለዶመ፤
ግን ያቺን ደቂቃ፣ ተመስገን፣ ማንም አልዘለላት፣
እኔም ጭምር።

መዝገቡን ከፈትኩት፦ ቶርዲስ፣ አንዴ ብቻ።
ከሥሩም ጽፋለች፣ ልክ እንደ ዛቻ፦
«ገባኝ። ግን መምህሬ፣ ቢላ አያያዝሽ ያስቃል፤
ቀርጬ እልካለሁ፤ ደጋግመሽ እዪው፤
ቪዲዮ ታግሦ ይጠብቃል።»