በጸጋው

ስንጥቅ ነበር መጀመሪያ፣ በባጃጄ የፊት መስታወት፤
መለወጫው ብር ቢያጥረኝ፣ ተለጣፊ ገዛሁለት።
«በጸጋው» የሚል በቀይ፣ ዙሪያው ወርቅማ ቀለም፤
ስንጥቄን ይሸፍን እንጂ፣ ትርጉሙ ግድ አልነበረኝም።
ቃሉንማ ከልጅነት፣ ሰንበት ትምህርት ቤት አውቃለሁ፤
በቃሌ ወጥቼው፣ ተሸልሜ፣ እርሳስ አግኝቼበታለሁ።

ካሞራ ገደል ስመለስ፣ ዓሣ የገዙ ሰዎች ጭኜ፣
አንድ ዓይኔን ስልኬ ላይ ጥዬ፣ ባንዱ መንገዱን አምኜ፣
አባ ኮዳዎቹ ብርር አሉ። አንድ ነገር ድው አለ።
ወርጄ ሳይ ልጅ ነው። ጎንበስ አልኩ፤ ትንፋሹ አለ።
እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች፣ የሌላ ሰው እግር መስሎ።
እናቱ ሮጣ ደረሰች፣ የዓሣ ቅርፊት ክንዷ ላይ ተንጠልጥሎ።
ዳሲቴ (ስሟን ኋላ ነው ያወቅኩት) አልጮኸች፣ አልሰደበችኝም፤
«እጄ ያዳልጣል፣ አንተ አንሳው።» ሌላ ቃል ካፏ አልወጣም።

ስድስት ወር በየቅዳሜው፣ ፖስታ ይዤ ተመላለስኩ፤
ከገቢዬ ሲሶ ቆርጬ፣ እራቴንም እየተውኩ።
ደብተር ነበረኝ፦ ቀኑ በግራ፣ ብሩ በቀኝ ተጽፎ፤
የልጅ እግር ስንት ያወጣል? ከግርጌው ድምሩ ተገድፎ።

አንድ ቅዳሜ ፖስታውን ይዛ፣ ዝም ብላ አየችኝ ቆማ።
«ዕዳ ካልከው አትጨርሰውም። ታዲያ ልጄ ላንተማ
ዕዳ ሆኖ ሊያድግ ነው። እኔ ዕዳ አልወለድኩም።
ይልቅ ከሰኞ ጀምሮ፣ ትምህርት ቤት አንተ አድርሰው፤ በእግሩ አይችልም።»
«እኔ? በዚሁ ባጃጅ?» ስላት፣ ጉሮሮዬ ሲደርቅ፣
«አንተ፤» አለች፣ «ከእንግዲህ ማን አለ ካንተ ይበልጥ የሚጠነቀቅ?»

ብትረግመኝ፣ ይገባኛል። ብታሳስረኝም፣ ይገባኛል።
ይህ ግን አይገባኝም።
ቃሉን በፈለጋችሁት ፍቱት፤ ሁለቱም እውነት ይሆናል።

ሰኞ ሐዋሳ በጭጋግ፤ ዱካሞ ከደጅ ወጣ፣
በግራ እግሩ ረግጦ፣ ቀኙን በእጁ ጎትቶ አመጣ።
እንደ እንቁላል ጭኜው ሄድኩ፤ ጋሪ እንኳ ቀድሞ አለፈኝ።
አቶቴ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰደው፤ ራሱን ክንዴ ላይ ጣለብኝ።
ማርሽ መቀየር ፈራሁ። ባንዱ ማርሽ እየተሳብኩ፣
አለቀስኩ ብዬ አልዋሽም፤
ዝም ብዬ ነው የነዳሁ።

አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው። ፊደል ካየ አያልፍም፣ ይወዳል፤
ታፔላ፣ የሱቅ ስም፣ የጄሪካን ጽሑፍ፣ ጮክ ብሎ ይቆጥራል።
ትናንት ያንን ፀሐይ ያነጣውን፣ ጫፉ የተቀደደውን፣
በጣቱ እየተከተለ፣ የስንጥቄን መሸፈኛውን፣
«በ… ጸ… ጋ… ው» አለና፣ ዞር ብሎ ጠየቀኝ፦ «የማን?»
መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከኋላ ክላክስ በዛብን።
«እሱን፣» አልኩት፣
«እናትህን ጠይቃት።»