ዶሮ ሆንህ እንዴ

ክረምቱን አምባዛ፣ ሲያርሰው የባጀ መሬት
ጥቅምት ጣና ሲሸሽ፣ ለእኔ ሆነ ርስት።
እጄን ሰደድሁበት፣ እስከ ክንዴ ድረስ፤
ብርዱ ገና አልወጣም፣ አጥንት ነው የሚልስ።

ቃሪያውን በአመድ፣ አሽቼ አኖርሁት፤
የዱባውን ፍሬ፣ ውሃ ውስጥ ጨመርሁት፤
የሰፈፈን ጣልሁት፣
እንደ እምቦጭ ተንሳፍፎ፣ ምን ሊረባኝ ብዬ፤
የሰመጠውን ያዝሁ፣ በርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ።
ቀን ከብብቴ ሥር፣ ሌት ከሆዴ ጋራ፣
ሳልገላበጥበት፣ እንደ ሰው አደራ።

አትጠገብ ሳቀች።
«ልጅ ስወልድልህ፣ ሦስቱንም ከሆዴ፣
አንድ ሌት አቅፈሃል?
ዛሬ ለዱባ ፍሬ፣ ዶሮ ሆንህ እንዴ!»

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው።
ሦስቱም ሲወለዱ፣ ታንኳ ላይ ነበርሁ፣
ከዘጌ ባሕር ዳር፣ እንጨት እየጫንሁ።
የመጨረሻዋን
ጥርስ አብቅላ፣ ስቃ ነው ያየሁ።

በአራተኛው ማለዳ፣ ጨርቁን ስገልጠው
አንዱ ተሰንጥቆ፣ ነጭ ነገር ብቅ አለ፣ ጥርስ የመሰለው።
ጮኬ ጠራኋት።
እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ጎንበስ ብላ አየች፤
«ሴት ነው ወንድ?» አለች።
«ዱባ ነው፣ ሞኚት፤ ሁለቱንም ያብባል።»
«እንግዲያስ እልልታው፣
ሦስትና ሰባት፣ አሥር ሊሆን ነዋ!»

እልል ግን አላለች።
ወጥታ ጭቃውን፣ በእግሯ ጫፍ ነካች፤
«ገና በርዷል፤» አለች፣ «አንድ ሌት ይቀረዋል፤
በል ወዲህ ስጠኝ፣ ብብትህ ደንዝዟል።»

ያን ሌት እንደ ልቤ
ተገላበጥሁ።