የእስክሪብቶ ድንበር

ከግራ ጎድኑ ሥር፣ እስከ እምብርቱ ማዶ፣
ጣፊያው ወርዷል ገፍቶ፣ እንደ ሰው ተሰዶ።
በሰማያዊ ቢክ ዳር ዳሩን አሰምራለሁ፤
በሜትር ገመዴ ቁልቁል እለካለሁ።
“አሥራ ስድስት!” ስላት፣ ሲስተር ውዴ ትጽፋለች፤
እንደ ወፍጮ ቤት ሰው፣ ቀና ሳትል፣ “እሺ” ትላለች።
አዛናው ይስቃል፣ ጥርሱ ብቻ ወጥቶ፦
“ማን ቀያሽ አደረገህ፣ ነርስነቱ ቀርቶ?
እኔ ለራሴ እንኳ ግማሽ ጥማድ የለኝ፣
ሆዴ ላይ ነው እንዴ ርስት የሰጣችሁኝ?”

መስከረም አጋማሽ፣ በአይሱዙ ጀርባ፣
ከአርማጭሆ ቆላ፣ ሰሊጥ አጨዳ ገባ።
ቀን ቀን አጎንብሶ፣ ማታ ከግራር ሥር፣
ጆንያ አንጥፎ ተኛ፣ በዋልካው ስንጥቅ ዳር።
ከስንጥቁ ወጣች፣ ድምፅ አልባ፣ ኢምንት፣
ከሰሊጥ የማትበልጥ፣ የአሸዋ ዝንብ ናት፤
ነካ አድርጋው ሄደች፤ አላከከም እንኳ፤
እንግዳው ገባለት፣ በሩን ሳያንኳኳ።

ደምም ነጭ ለባሽ አለው፣ ሌሊት የማይተኛ፣
ባዕድ ያየ እንደሆን የሚውጥ ዘበኛ።
አየው። ከበበውም። ዋጠው እንደ ልማዱ።
ለጠላትስ ይኸው ነው፣ ቤቱም ሆነ መንገዱ።
እዚያው ተቀመጠ፣ እዚያው ተዋለደ፤
ዘበኛው ፈነዳ፤ ሌላ ተማገደ።
ጎንደር ያየችው ነው፦ ግንብ ውጭውን ይመክታል፤
ከውስጥ ለገባ ግን፣ ግንብ ራሱ ያስጠልላል።
ጣፊያስ ምን ያድርግ፣ የዘበኛ ሰፈር፣
ቀን ምልምል ሲሰበስብ፣ ሌት ሲቆፍር መቃብር፣
አበጠ፣ ተለጠጠ፣ ጣሰ የራሱን ድንበር።

አንገቱ ላይ ክታብ፣ በቀይ ቆዳ ታስሮ፤
ዝማም፣ እናቱ ናት፣ ያሠራችው ዘንድሮ።
“ይሄን ፍቱ አትበሉኝ፣ መርፌውን ግን ውጉት፤
ሁለቱም አንድ አይደል? ክተቡልኝ፣ ክተቡት።”
ቀና አልኩኝ ከሥራዬ። ለካ አንድ ነው ግሡ፤
ከተበ — ጻፈ ማለት፤ ቆዳ ነው ብራናው ለሱ።
ክንዴ ላይ አለ የኔም፣ የሕፃንነቴ ጽሕፈት፣
ምስር የምታህል ጠባሳ፣ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፤
ደሜ ያን ፊደል ቆጥሮ፣ ጠላቱን በሥዕል አየው፣
በር ሳይመታ በፊት፣ በአረማመዱ ለየው።
ለአዛናው በሽታ ግን ገና አልተጻፈም ፊደል፤
ይሞክራሉ አሉ፣ በሩቅ አገር፣ ይሆን ይሆናል፤
የድኃ በሽታ ግን፣ ወረፋው ይረዝማል።

ይህን ለዝማም አልነገርኳትም።

አሥራ ሰባት ቀን ነው፣ በቀን ሁለት መርፌ፤
ሰጠኋት ዝርዝሩን፣ በካርቶን ላይ ጽፌ።
መድኃኒቱም ጨካኝ፤ የልብ ምት ያናውጣል፣
ጆሮ ላይ ይጮኻል፣ አንጀት ይገለብጣል።
በስድስተኛው ቀን፣ አልጋ አሥራ አንድ ያለው፣
ከሽንፋ የመጣው ልጅ፣ ጢም ገና የጀመረው፣
ሌሊት በአፍንጫው ደማ።
ሲነጋ ፍራሹ ተገልብጦ ነበር።
አዛናው ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ሄደ፤
በአሥራ ሁለተኛው፣ ምግብን ወደደ፤
“ወጡ ጨው የለውም” ብሎ፣ በውዴ ተናደደ።
ውዴ ሳቀች፦ “በሽተኛ ሲቆጣ፣
ሞት አንድ ክንድ ፈቀቅ ይላል፣ ቦታ ሲያጣ።”

ዛሬ አሥራ ሰባት። ያው ቢክ፣ ያው ገመድ።
የፊቱ መስመር ደብዝዟል፣ ታጥቧል፣ ግን አልጠፋም፤
አዲሱ ካሮጌው ውስጥ ነው፣ ግማሹን እንኳ አይሞላም።
“ሰባት!” ስል፣ ውዴ ጽፋ፣ ለአንድ አፍታ ቀና አለች።
“ርስቴ ጠበበች በሉኛ!” እናቱ “ዝም በል” አለች።

“መስከረምስ?” አልኩት። ዝም አለ። በመስኮቱ
የአዘዞ መንገድ ይታያል፣ አቧራው፣ ትርምሱ፣ ጠዋቱ።
“ሰሊጥ ራሱን አያጭድም፤ ዕዳም ራሱን አይከፍል።”
ዝማም ክታቡን ዳሰሰች፤ የሰጠኋትን አጎበር
አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ ከተተች።
ሸሚዙን ቆለፈ እሱ፣
በሁለቱ መስመር ላይ፣ ባሮጌውና ባዲሱ።