ግንዱ አይዞርም

ደብረ ብርሃን ላይ፣ አምስት ቀን ሥልጠና፤
ወንበሩ ይዞራል፣ ጎማ አለውና።
«ክብ ሥሩ» ስንባል ክብ ሠራን ወዲያው፣
ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተያየን እንደ ሰው።
«መምህር ብቻውን የሚያወራበት
ዘመን አለፈ» ሲሉን በኩራት፣
አሠልጣኛችን ብቻቸውን ነበሩ
አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲያወሩ፤
እኛም ዝም ብለን ጻፍን በደብተሩ።

ተመለስኩ ሞላሌ። ከዚያ በእግር ቁልቁል
አንድ ሰዓት ተኩል፤
ሰፊውን ወረቀት ጠቅልዬ በብብቴ፣
አራት ማርከር በኪሴ፣ ሁለቱ የደረቁ፣ ልቤ ቀድሞ ከፊቴ።

ስድስተኛ «ለ»፣ ሰባ አራት ልጅ፤
መቀመጫው ግንድ ነው፣ ባሕር ዛፍ፤ የወላጅ እጅ
ጉድጓድ ቆፍሮለት፣ ድንጋይ ጠቅጥቆ
የተከለው፣ ማገዶ እንዳይሆን ሌሊት ተሰርቆ።

«ክብ ሥሩ» አልኩኝ።
ተያዩ።
ደብሪቱ ግንዱን ገፋ አድርጋ አየች፤
«እሱማ፣ ቲቸር፣ አይዞርም» አለች።

የዞረው አንገት ነው። የፊቱ ወደ ኋላው፣
ክርን ከጎረቤት ጎን፣ ጉልበት ከጀርባው፤
አቧራው ከወለል፣ ሳሉ ከደረት
ተነሳ። ውይይት ተጀመረ ማለት
ይህ ከሆነ፣ ተጀመረ።
የኛ ክፍልፋይ በቆርቆሮው ግድግዳ ፈሶ
የእማዋይሽን ሰዋስው ሲያጥለቀልቅ ደርሶ፣
ሦስቴ አንኳኳች በዳስተሯ ጀርባ።
እኔም ሰጠሁ፦ ፊቴን ለሰሌዳ፣ ለልጆቹ ጀርባ።

ሱፐርቫይዘሩ መጣ፣ እግሩ አቧራ ለብሶ፣
ብዕሩን ከብርዱ በትንፋሹ መልሶ።
«ተማሪ ተኮር ነው?» ሦስት ሳጥን አለው፦
አዎ፣ በከፊል፣ አይደለም። ግንድ የሚል የለው።
በከፊል ላይ ጭረት፣ ደህና ሁን፣ ሄደ፤
ሦስት ትምህርት ቤት ቀርቶት በእግሩ ወረደ።
አልፈርድበትም።

በየካቲት ነፋስ ጣሪያው ተገነጠለ።
«ውጭ አስተምራቸው» ርእሰ መምህሩ ሽመክት አለ።
ከካቡ ጥግ ወጣን፣ ነፋስ ከማይመታው፤
አንድ አንድ ድንጋይ ለመቀመጫው
ልጁ ሁሉ ተሸክሞ መጣ።
ድንጋይ ለካ ይዞራል።
ማንም «ክብ» ሳይላቸው
ብርዱ ራሱ ክብ አደረጋቸው።

ሦስት ቀን በሰሌዳ ጽፌ ለፍልፌ
«እርቦ ይበልጣል፣ አራት ከሦስት ስለሚበልጥ» ነበረ ትርፌ።
ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ጥጋቡ
እጁን አወጣ፣ ከካቡ፦
«ዘንድሮ የደረሰን እርቦ ነው። አምና ሲሶ ነበር።
እናቴ ስትሰፍር
ጎተራው ጎድሎባት አለቀሰች። እርቦ ያንሳል፣ ቲቸር።»

ሰባ አራት ራስ ዝም አለ። ገባቸው።
ጠመኔው ከኪሴ አልወጣም፤ አላስፈለጋቸው።

ሰባት ቀን ነው ያ። ሚስማር ተገዛ፣
የበልጉ ዝናብም ማካፋት አበዛ፤
ገባን። ወደ ግንዱ፣ ወደ ረድፉ፣ ተራ በተራ።
ጥጋቡ ብቻ ድንጋዩን ይዞ ገባ፣ እየፈራ፤
ከግንዱ ጫፍ አስቀምጦ ለደብሪቱ ፊቱን ሰጣት።
በማግስቱ አምስት ድንጋይ፤ ሐሙስ ዕለት ስምንት።
መተላለፊያው ጠበበ።

ቅጹ ተመልሶ ሲመጣ ምን እንደምል አላውቅም።
እኔ ግን፣ በረድፎቹ መካከል፣
በጎን መሄድ ለምጃለሁ፤ ሳልረግጥ፣ ሳልከለክል።