ለሎአ፣ በጎሮካ ማለዳ

ሸሚዝህ አዲስ ነው፤ የትከሻው ወርቅ አልደበዘዘም፤
ጫማህ ግን ያስቃል፤ ጭቃ ገና አልያዘም።
እኔም እንዲህ ነበርኩ ስመጣ ጎሮካ፣
ሰማይ በመዝገብ ላይ በቁጥር የሚለካ፣
ሺህ ሰዓት ሲሞላ ወደ ትልቁ ጄት
የምሻገርበት ድልድይ እንጂ ቤት
አልመሰለኝም ነበር።

ኬፓስ ይባላል ያሠለጠነኝ፤
መሪ ስጠብቅ መጥረጊያ ሰጠኝ።
«ወለል የጠረገ የወደቀ ብሎን ያያል፤
ብሎን የለየ ዓይን ደመናም ይለያል።»
ሳምንት ሙሉ ጠረግሁ፤ በልቤ ሰደብሁት።
(ይህን አትንገረው፤ ዛሬ ጡረተኛ ነው፣ አሳማ ያረባል።)

ከዚያ ሚዛኑ ላይ መደበኝ። ሩዙ፣ ሚስማሩ፣ ቆርቆሮው፣
መንገደኛውም ይመዘናል፣ ከነጫማው፣ ከነዶሮው።
አንድ ሽማግሌ ሳቀና፣ «ለአንድ ከረጢት ስኳር ድንች
ምን ታካብጃለሽ፣ ልጄ?» አለኝ። አፈርኩ። አሳለፍኩት።
ኬፓስ ወረቀቴን አየና ከረጢቱን ራሱ አወረደው፤
«ይሉኝታ ሃያ ኪሎ ነው፣» አለኝ፣ «ክንፍ ግን ይሉኝታ የለው።»

በየማለዳው ነዳጁን በብርጭቆ ቅዳና ወደ ብርሃን አንሳው፤
ውሃ ከሥር ይተኛል፣ እንደ ቂም፤ ዝም ያለውን ነው የምትፈራው።
ጎማውን ቦይ ውስጥ ከከተትህ፣ ማታ ሳይሆን ያኔውኑ ንገረኝ።
እቆጣለሁ። ቁጣዬ እስከ ምሳ ነው።
የደበቅኸው ግን ካንተ በኋላ የሚበርረውን ሰው ይጠብቃል።

አሁን ማውራት የማልወደውን ልንገርህ።
ያምባሊ ተዳፋት የሣር ሜዳ ነው፤ ሽቅብ ታርፋለህ፣
ቁልቁል ትነሳለህ፤ ዳግም ሙከራ የለም፣ ገደሉን ታያለህ።
ምጥ የጠናባት ሴት ነበረች። ሬዲዮው ሦስቴ ጠራኝ።
በሁለቱ ተራሮች መካከል ያለውን በር ደመና ዘጋው፤
አንዲት ቀዳዳ ብቻ ቀረች፣ ነጭ፣ የምታባብል፣
የምትጠብም የምትሰፋም የምትመስል።
እጄ ወደዚያ ሄደ።
ከዚያ አዞርኩት፤ ተመለስኩ።
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሰዓት። የትም ያልደረሰ በረራ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄድኩ። እናቲቱ ተርፋለች።
ልጇ አልተረፈም።
ባሏ ቃሬዛውን ከፊት ይዞ ወጣ፤
ዓይኔን አላየውም፣ እኔም ዓይኑን።

ትክክል ነበርኩ፣ ሎአ። ትክክል መሆን እንቅልፍ አይሰጥም።
ይህን መጽሐፉ አይነግርህም፤ እኔም መድኃኒቱን አላውቅም።

ኬፓስ መዝገቤን ገለጠ፤ በጣቱ መስመሮቹን ወረደ፤
ያምባሊ ሦስት፣ ያምባሊ አምስት፣ በሰላም የተመላለስኩትን ሁሉ ዘለለ፣
ዜሮ ነጥብ ዘጠኟ ላይ ሲደርስ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ፣
ፈረመ። ሻይ ቀዳልኝ።
ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ጠጣሁት።

ደሞዙ ትንሽ ነው፤ ሳይደርስ አትበደርበት።
እሑድ ለእናትህ ደውል፤ ስለ ደመና አታውራት፣
ምን እንደበላህ ንገራት።
ትልቁ ጄትም አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ሂድ፣ አልቀየምህም።
ሦስት መቶ ሰው ከኋላህ አፉን ከፍቶ ይተኛል፣
ስምህን ሳይጠይቅ ወርዶ ሻንጣውን ይፈልጋል።
አይክፋህ። እንቅልፋቸው ምስጋናህ ነው።

እኔ? አራት ጊዜ ተጠራሁ፣ አራቴ ቀረሁ።
ምክንያቱን ስትጠይቀኝ ሁልጊዜ ሌላ ምክንያት እነግርሃለሁ።

ያው ጉሙ ከሸለቆው እየተነሳ ነው፤
ሩዙ ተጭኗል፣ አሮጊቷ ሚዛኑ ላይ ቆማ እየሳቀች ነው፤
ለአንድ ሰዓት ያህል በሩ ክፍት ነው።
ዛሬ ግን አንተ አትበርርም።
ጫማህን ቀይር።
መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው።