ከአርባ በታች

በአሥራ ዘጠኝ ገቢ፣ በሃያ ሁለት ወጪ፣
ሃያ ዓመቴን ጨረስኩ፣ ሳልወጣ ከመዝገብ ውጪ፤
ደሴ፣ የኮሌጁ ስፖርት ግምጃ ቤት፤
ቁልፍ፣ ካርቦን ወረቀት፣ የላብ ሽታ ያለበት።

ጉም ከጦሳ ወርዶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣
ጎሉ ሳይታይ ገና፣ ሳይለይ ሰው ከሰው፣
በሬን የምታንኳኳ ራቢያ እንድሪስ ነበረች፣
የሒሳብ ተማሪ፤ "ጋሼ፣ ኳሷን" ትላለች።
"ኳሶቹን" አይደለም። ኳሷን። አንዲት ነበረች።

ፀሐይ ከወጣች ወዲያ ሜዳው የወንዶች ነው፤
ማን እንደወሰነው እንጃ፣ ሲወርድ የመጣ ነው።
ማሊያቸው ከወንዶች ትከሻ የተረፈ፣
እጅጌው ክርን ያለፈ፣ ቁጥሩ የተገፈፈ፤
ጫማው አርባ ሁለት፣ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ጫፉ ላይ፣
እግር ወደ ግራ ሲል፣ ጫማው ወደ ቀኝ ሲታይ
እስቅ ነበር።
አዎ፣ እስቅ ነበር።

አንድ ሰኞ ወረቀት ይዛ መጣች፣ ማኅተም ያለው፣
"እኩል ሜዳ፣ እኩል በጀት፣ እኩል መጓጓዣ" የሚለው።
ዲኑ አንብበውታል አሉ፤ መሳቢያ ከተውት፣
"በጀት ሲፈቅድ" ብለው በቀይ ጽፈውበት።
እኔም ሕግ እንደ ጉም ነው እል ነበር፤ ከላይ ይወርዳል፣
ረፋድ ላይ ይተናል።

እሷ ግን ከሕጉ ይልቅ መዝገቤን ፈለገች፤
"የአምስት ዓመቱን ወጪ ላንብበው፣ ጋሼ" አለች።
እምቢ ልል ነበር፤ የመንግሥት ንብረት፣ የመንግሥት ምስጢር...
ምን ምስጢር አለው ግን የጫማ ቁጥር?

መረብ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ እርሳስ ከሻሿ አውጥታ፣
ደመረች። አላለቀሰችም። ደመረች እስከ ማታ።
ለወንዶች፦ ጫማ መቶ አርባ፣ ኳስ ስድሳ ሁለት፣
ማሊያ ከነቁምጣው፣ ቱታ ሠላሳ አምስት።
ለሴቶች፦ ኳስ አንድ። ምርመራ፦ "የተለጠፈ"።
ከሥሩ ፊርማዬ፤ የእኔው እጅ የጻፈ።

አቤቱታው ድምሩን ይዞ ዞን ደረሰ፣ ክልል ደረሰ፤
ዓመት ፈጅቶ፣ ሦስት ማኅተም ለብሶ ተመለሰ።
የወንዶቹ አሠልጣኝ ሰላምታውን ነፈገኝ፤
"አንተ ነህ የሸጥከን" ብሎ በሻይ ቤቱ በር አለፈኝ።

መስከረም ላይ ካርቶን ገባ። ስፈታው፦ ሠላሳ ሰባት፣
ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ስምንት።
ከአርባ በታች ጫማ ግምጃ ቤቴ አያውቅም ነበር፤
አንዱን መዳፌ ላይ ይዤ ቆየሁ፣ ሳልደረድር።

ራቢያ ግን ተመርቃ ሄዳለች፤ ወረኢሉ ታስተምራለች አሉ፤
ጫማውን ካጠለቁት መሃል ስሟን የማያውቁ አሉ።

ሞዴሉን ሞላሁ፦ ዓይነት፣ ብዛት፣ ዋጋ።
"ምርመራ" ከሚለው ዓምድ ስደርስ ብዕሬ ቆመ።
ውጭ ፊሽካ ተነፋ፤ ፀሐይ ወጥታ ነበር፣
ሜዳው ላይ ሴቶች ነበሩ።
ጻፍኩ፦ "ዘግይቶ የገባ።"